የጭነት መኪና ዲፈረንሻል ሬሾ፦ ከመለካት እስከ መቀየር የተያዘ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መነሻ

ይህ ማስታወሻ የአንድ ባለ ሁለት አክስል የናፍጣ ጭነት መኪና የኋላ ዲፈረንሻል (የሞተሩን ጉልበት ወደ ኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የማርሽ ስብስብ) ሬሾ ስንት እንደሆነ ለማወቅ፣ አሁን ለሚሠራው ሥራ መስማማቱን በስሌት ለመፈተሽና በመጨረሻም ኮሮናውን (ትልቁን ጥርስ ማርሽ) እና ፒኞኑን (እርሱን የሚያዞረውን ትንሽ ማርሽ) ለመቀየር የተሠራውን ሥራ በቅደም ተከተል የያዘ ነው። መኪናው ከነጭነቱ 16 ቶን ይመዝናል። ለብዙ ጊዜ ዳገት በበዛባቸው አጫጭር መንገዶች ላይ ድንጋይና አሸዋ ሲያመላልስ ከቆየ በኋላ፣ አሁን ረጅምና በአብዛኛው ሜዳማ ወደሆነ የአስፋልት ጉዞ ተዛውሯል። በዚህ አዲስ ሥራው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ የሞተሩ ዙር በደቂቃ ከ2,000 ያልፋል፤ ነዳጅ ሲሰጠውም ከኋላ በኩል ቀጭን የማልቀስ ድምፅ መሰማት ስለጀመረ ዲፈረንሻሉ መከፈቱ ለማንኛውም አይቀርም ነበር። መከፈቱ ካልቀረ ደግሞ የነበረውን ሬሾ መልሶ ከመግጠም በፊት ትክክለኛው ሬሾ የትኛው እንደሆነ አስልቶ መወሰን ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

በጋራዦች ውስጥ አንዱ ሬሾ ጉልበታም፣ ሌላው ፈጣን እየተባለ ሲወራ ይሰማል። እኔ ግን የዲፈረንሻል ሬሾ ከጎማው ዙሪያ፣ ከካምቢዮው ማርሾችና ከሞተሩ የቶርክ፣ ማለትም የማዞር ጉልበት፣ ክልል ጋር አብሮ ካልተነበበ በቀር ስለ መኪናው ብዙ የሚናገረው ነገር የለውም ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ በዚህ እምነት ላይ የተመሠረተ ነው።

ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ

ሬሾው የሚገኘው የኮሮናውን ጥርሶች ብዛት በፒኞኑ ጥርሶች ብዛት በማካፈል ነው። ኮሮናው 41፣ ፒኞኑ 10 ጥርስ ካላቸው ሬሾው 4.10 ይሆናል፤ ይህም ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ፕሮፔለር ሻፍቱ (ከካምቢዮው ወደ ዲፈረንሻሉ የሚመጣው ዘንግ) 4.10 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ዙሩ በዚህ መጠን ሲቀንስ የማዞር ጉልበቱ፣ ማለትም ቶርኩ፣ በጥርሶቹ ፍትጊያ ከሚጠፋው ጥቂት በስተቀር በዚያው መጠን ያድጋል። ዲፈረንሻሉ የሞተሩን የፈረስ ጉልበት አይጨምርም፤ የሚያደርገው ፍጥነትን በቶርክ መመንዘር ብቻ ነው። ይህ ነጥብ ቀላል ቢመስልም ቀጥሎ በሚመጣው ስሌት ውስጥ ዋናውን ውሳኔ የሚሰጠው እርሱ ስለሆነ ከመጀመሪያው በግልጽ መቀመጥ አለበት።

ሳይከፈት መለካት

በመጀመሪያ የተፈለገው በዲፈረንሻሉ ቤት ላይ ያለው ትንሽ የብረት ሰሌዳ ነበር። ሰሌዳው ቀለምና ዘይት ያዘለ ጭቃ ስለለበሰ በሽቦ ብሩሽና በናፍጣ ከታጠበ በኋላ ብቻ 8 እና 39 የሚሉት ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ተቀርጸው ታዩ። 39 በ8 ሲካፈል 4.875 ነው፤ ይህ በመለዋወጫ ዝርዝሮች ላይ 4.88 ተብሎ የሚጻፈው ነው። ነገር ግን መኪናው ዕድሜው የገፋ ስለሆነ፣ በመካከል የውስጡ ዕቃ ተቀይሮ ሰሌዳው የቀድሞው ሆኖ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ጽሑፉን ብቻ አምኖ ማለፍ አይበቃም።

ለማረጋገጥ የኋላው አክስል በክሪክ ተነሥቶ በካቫሌቶ (በመደገፊያ ማቆሚያ) ላይ እንዲያርፍ ተደረገ። እዚህ ላይ ለሚሠራ ሰው ሁሉ አጥብቄ የማሳስበው ነገር አለ፦ የኋላ ጎማዎቹ በነፃ እንዲዞሩ የእጅ ፍሬኑ መለቀቅና ካምቢዮው ፎሌ (ማርሽ ያልገባበት) መሆን ስላለባቸው፣ በዚያ ሰዓት መኪናውን የሚይዘው በፊት ጎማዎቹ ሥር ከፊትና ከኋላ የገባው ታኮ (የጎማ ማገጃ) ብቻ ነው። ታኮው ጠንካራ መሆኑ ሳይረጋገጥ የእጅ ፍሬኑ መለቀቅ የለበትም።

ከዚያም በፕሮፔለር ሻፍቱና በጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት ተደረገ። ሁለቱም የኋላ ጎማዎች በአንድነት አንድ ሙሉ ዙር ሲዞሩ የሻፍቱ ዙር ይቆጠራል። ሁለቱን ጎማዎች እኩል ማዞር አስቸጋሪ ስለሆነ የተሻለው መንገድ አንዱን ጎማ አጥብቆ ይዞ ሌላውን ማዞር ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን በዲፈረንሻሉ ጠባይ ምክንያት ኮሮናው የሚዞረው ጎማው ከሚዞረው በግማሽ ስለሆነ፣ አንዱ ጎማ ሁለት ዙር ሲዞር ኮሮናው አንድ ዙር ይዞራል። ይህን ሳያውቅ የሚቆጥር ሰው የሚያገኘው የሬሾውን ግማሽ ነው። ስሕተቱን ለማሳነስ ረዳቴ ጎማውን 20 ዙር ሲያዞር እኔ ከሥር ሆኜ ሻፍቱን ቆጠርኩ፤ ከ48 በላይና ከ49 ጥቂት ያነሰ ዙር ስለተገኘ፣ ለ10 የኮሮና ዙር 48.75 የሚለው ስሌት ልክ ነበር። ሰሌዳው እውነቱን ተናግሯል።

በጎማው ማዕከል ውስጥ ዙር የሚቀንስ ተጨማሪ ማርሽ ባላቸው ከባድ መኪናዎች ላይ ይህ ዓይነቱ ቆጠራ የሚሰጠው የሁለቱን ቅነሳዎች ብዜት ነው። ስለዚህ የኮሮናውና የፒኞኑ ጥርሶች ብቻ ተቆጥረው የተገኘ ቁጥር በጎማና በሻፍት ቆጠራ ከሚገኘው ጋር ባይገጥም የሚያስደንቅ አይሆንም። ይህ መኪና እንዲህ ያለ ቅነሳ የለውም።

የጎማው ዙሪያ

መኪናው 295/80 አር 22.5 ጎማ የተገጠመለት ነው። በጎኑ ላይ ከተጻፈው ልክ ሲሰላ የጎማው ቁመት 1,043 ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል፤ ዙሪያውም በዚያ መሠረት ወደ 3.28 ሜትር ይሆናል። ይሁን እንጂ ጭነት የተሸከመ ጎማ መሬቱን በሚነካበት ቦታ ስለሚተኛ በአንድ ዙር የሚጓዘው ርቀት ከዚህ ያንሳል። ለስሌት የሚጠቅመው ይህ ተጨባጩ ርቀት ነው።

መኪናው ተጭኖ፣ የጎማው ንፋስ በታዘዘው መጠን ሆኖ፣ በደልዳላ ሲሚንቶ ላይ ጎማው 10 ዙር እስኪዞር በዝግታ ተነዳና ርቀቱ በሜትር ተለካ፤ 31.8 ሜትር ሆነ። አንድ ዙር 3.18 ሜትር ነው ማለት ነው። ከዚህ የሚገኘው የመሽከርከሪያ ራዲየስ 0.506 ሜትር ሲሆን፣ በዚህ ማስታወሻ ውስጥ ያሉት ስሌቶች ሁሉ የተሠሩት በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ነው።

ጎማ መቀየር ሬሾ እንደመቀየር መሆኑንም እዚሁ ላይ መመዝገብ ይገባል። በአንድ ዙር 3.28 ሜትር የሚጓዝ ትልቅ ጎማ በዚሁ መኪና ላይ ቢገጠም፣ 4.10 የሆነ ሬሾ 3.98 ያህል እንደሆነ አድርጎ መቁጠር ይቻላል። ጎማው ሲያልቅም በተቃራኒው ሬሾው በጥቂቱ ያደገ ያህል ይሆናል።

ስሌቱ

በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ማለት በደቂቃ 1,333 ሜትር ነው። ይህ በ3.18 ሲካፈል ጎማው በደቂቃ 419 ጊዜ ይዞራል። የካምቢዮው ስድስተኛ ማርሽ ቀጥተኛ፣ ማለትም 1.00 ስለሆነ የሞተሩ ዙር በዲፈረንሻሉ ብቻ ይወሰናል፤ በ4.875 ሬሾ 2,044፣ በ4.10 ሬሾ 1,719፣ በ3.73 ሬሾ ደግሞ 1,563 ይሆናል። ሦስቱ ሬሾዎች በዘፈቀደ የተመረጡ አይደሉም፤ የዚህ ዲፈረንሻል ቤት የሚቀበላቸው ጥንዶች ውስጥ ለሥራው የሚቀርቡት እነዚህ ናቸው።

በሞተሩ መመሪያ መሠረት ትልቁ ቶርክ 800 ኒውተን ሜትር ሲሆን የሚገኘውም ከ1,200 እስከ 1,700 ዙር ባለው ክልል ነው፤ ትልቁ ኃይል ደግሞ በ2,300 ዙር 160 ኪሎዋት ነው። መኪናው አሁን ባለው ሬሾ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲሄድ ሞተሩ ከዚህ ምርጥ ክልል በ340 ዙር ያህል አልፎ ይሠራል ማለት ነው።

በሜዳ ላይ በዚህ ፍጥነት ለመጓዝ የሚያስፈልገው ምን ያህል ነው? የጎማ መንከባለል ተቃውሞ ከክብደቱ 0.8 በመቶ ተብሎ ሲያዝ 1,256 ኒውተን፣ የአየሩ ተቃውሞም ለእንዲህ ዓይነት ቁመትና ስፋት ላለው መኪና 1,450 ኒውተን ገደማ ይሆናል። ድምሩ 2,700 ኒውተን ሲሆን፣ ከሞተሩ እስከ ጎማው ባሉት ማርሾች የሚባክነው 10 በመቶ ተጨምሮ ሞተሩ 67 ኪሎዋት ያህል መስጠት አለበት። ይህን ኃይል በ2,044 ዙር ለመስጠት 313 ኒውተን ሜትር ቶርክ ይበቃዋል፤ በ1,719 ዙር ለመስጠት ግን 372 ያስፈልገዋል። የሚሰጠው ኃይል አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ በሁለተኛው መንገድ ፒስተኖቹ የሚመላለሱት ያነሰ ጊዜ ስለሆነ በውስጥ ፍትጊያና አየር በመሳብ የሚባክነው ይቀንሳል፤ የነዳጅ ቁጠባ ተብሎ የሚነገረው ነገር ምንጩ እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ የተሰላው ብዙ ሾፌሮች የሚፈሩት ጉዳይ ነው፤ ሬሾው ሲቀንስ መኪናው ዳገት አይወጣም የሚለው። በስድስተኛ ማርሽ፣ ፍጥነቱ 80 ላይ ሳይወርድ፣ ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶት ሊወጣው የሚችለው ዳገት ተሰላ። በ4.875 ሞተሩ 2,044 ዙር ላይ ስለሆነ ቶርኩ ወደ 720 ኒውተን ሜትር ወርዷል፤ በዚህም 2.3 በመቶ ያህል ዳገት ይወጣል። በ4.10 ሞተሩ ወደ 1,700 ዙር ቀርቦ ሙሉውን 800 ኒውተን ሜትር ስለሚሰጥ የሚወጣው ዳገት 2.0 በመቶ ነው። በ3.73 ደግሞ 1.65 በመቶ ይሆናል። ሬሾው ከ4.875 ወደ 4.10 ሲወርድ በ16 በመቶ ቀንሷል፤ ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት የቀነሰው ግን በ7 በመቶ ብቻ ነው። ልዩነቱን የሸፈነው ሞተሩ ወደሚወደው ዙር መመለሱ ነው። ሬሾን ብቻውን የሚያነብ ሰው ይህን ሊያይ አይችልም።

ጠንከር ያለ ዳገት ላይ ደግሞ ማንኛውም ሾፌር ማርሽ ይቀንሳል። በ5 በመቶ ዳገት ላይ በአራተኛ ማርሽ፣ ማለትም በ1.65፣ ሲሰላ በ4.875 መኪናው በሰዓት ወደ 53 ኪሎ ሜትር፣ በ4.10 ደግሞ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ይወጣል። ዳገቱን የሚወስነው በመጨረሻ የሞተሩ ኃይል ስለሆነ፣ ተስማሚ ማርሽ እስካለ ድረስ ዲፈረንሻሉ የሚያመጣው ለውጥ ይህን ያህል ጠባብ ነው።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው መነሣቱ ነው። መኪናው ዳገት ላይ ቆሞ ሲነሣ ፍሪሲዮኑ (ክላቹ) በሚይዝበት ዝቅተኛ ዙር ሞተሩ ሊሰጥ የሚችለው ቶርክ ከትልቁ በእጅጉ ያነሰ ስለሆነ፣ ለስሌቱ 500 ኒውተን ሜትር ብቻ ተያዘ። የመጀመሪያው ማርሽ 7.00 ነው። በ4.875 ሬሾ ጎማው ላይ የሚደርሰው ግፊት 30,300 ኒውተን ያህል ሲሆን ይህም ከ18 በመቶ በላይ በሆነ ዳገት ላይ ለመነሣት ይበቃል። በ4.10 ግፊቱ 25,500 ኒውተን ሆኖ 15 በመቶ፣ በ3.73 ደግሞ 23,200 ኒውተን ሆኖ 14 በመቶ ገደማ ይሆናል። መኪናው አሁን በሚሠራበት መንገድ ላይ ያለው ከባዱ መነሻ፣ ወደ ማራገፊያው የሚያስገባው አቀበት፣ 10 በመቶ ነው። የቀዘቀዘ ሞተር፣ ያረጀ ፍሪሲዮንና ልቅ አፈር ሲታሰቡ 15 በመቶ የሚያስተማምን መጠባበቂያ ነው።

3.73 ያልተመረጠው በመነሣት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ላይ በስድስተኛ ማርሽ ሞተሩን ወደ 1,172 ዙር ስለሚያወርደው፣ ማለትም ከቶርኩ ክልል በታች ስለሚያደርገው፣ መንገዱ ትንሽ ዳገት በሆነ ቁጥር ማርሽ መቀነስ ግድ ይሆናል። 4.10 ግን በ60 ኪሎ ሜትር 1,289፣ በ80 ኪሎ ሜትር 1,719 ስለሚሰጥ የመኪናው የዕለት ተዕለት ፍጥነት በሙሉ ማለት ይቻላል ሞተሩ በሚወደው ክልል ውስጥ ይወድቃል። ውሳኔው 4.10 ሆነ።

ጥንዱን መምረጥ

ኮሮናና ፒኞን በፋብሪካ እርስ በርስ ተፋትገው የሚለማመዱ ጥንዶች ናቸው። በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት የጥንድ ቁጥር ይቀረጻል፤ ቁጥሮቹ የማይገጥሙ ከሆነ የጥርሶቻቸው ብዛት ትክክል ቢሆንም እንኳ አብረው መገጠም የለባቸውም። የተገኘው ጥንድ በሁለቱም ላይ ያለው ቁጥር በአጉሊ መነጽር ተመሳክሮ ከተረጋገጠ በኋላ ነው የተወሰደው።

ባለ 41 እና ባለ 10 ጥርስ መሆኑም ጥሩ ጎን አለው። 41 እና 10 የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው እያንዳንዱ የፒኞን ጥርስ በተራው ከእያንዳንዱ የኮሮና ጥርስ ጋር ይገናኛል፤ የጥርሶቹ መበላትም እኩል ይከፋፈላል። 40 በ10 ቢሆን ኖሮ አንድ የፒኞን ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ ከእነዚያው አራት ጥርሶች ጋር ብቻ ይገናኝ ነበር።

በአንድ ዓይነት የዲፈረንሻል ቤት ውስጥ ሬሾው ዝቅ ሲል ፒኞኑ ወፍራም ስለሚሆን፣ ኮሮናው የሚታሰርበት ውስጠኛ ቤት አንዳንድ ጊዜ ከሬሾው ጋር አብሮ መቀየር አለበት። ለዚህኛው አክስል ሁለቱም ሬሾዎች በአንድ ቤት የሚገጠሙ መሆናቸው በመለዋወጫ መዝገቡ ላይ ታይቷል። ከአንድ በላይ የሚነዳ አክስል ባላቸው መኪናዎች ላይ ደግሞ ሁሉም አክስሎች በአንድ ሬሾ መሆን አለባቸው፤ አንዱ ብቻ ቢቀየር በአክስሎቹ መካከል ያለው ዲፈረንሻል ያለ ዕረፍት ስለሚሠራ ብዙም ሳይቆይ ይቃጠላል።

መክፈት

ዘይቱ ሲፈስ ቀለሙ ጠቁሮ ነበር፤ በማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ላይም ከተለመደው ደቃቅ ዱቄት ጋር ጥቂት ስንጥር ብረቶች ተይዘው ተገኙ። የአክስል ሻፍቶቹ ዳዶዎች ከተፈቱ በኋላ ሾጣጣ ቀለበቶቹ እንዲለቁ የሻፍቱ ፍላንጅ መካከሉ ላይ በመዶሻ ተመታ፤ ሻፍቶቹም ተስበው ወጡ። በዚህ ዓይነት አክስል ላይ የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው የአክስሉ ቤት ስለሆነ ሻፍቶቹ ሲወጡ ጎማዎቹ በቦታቸው ይቆያሉ። ፕሮፔለር ሻፍቱ ከመለየቱ በፊት ከፍላንጁ ጋር የነበረው አቀማመጥ በነጥብ ምልክት ተደርጎበታል። የዲፈረንሻሉ ስብስብ ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚከብድ በፓራንኮ (በሰንሰለት ማንሻ) ተይዞ ወጣ።

የድምፁ ምክንያት ወዲያው ታወቀ። የኮሮናው ጥርሶች ነዳጅ ሲሰጥ በሚጫነው ፊታቸው ላይ የመርፌ ጭንቅላት የሚያህሉ ጉድጓዶች ነበሯቸው፤ የፒኞኑ የፊት ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ቀለበትም በአንድ በኩል ተልጦ ነበር። የጎን ኩሽኔታዎቹ ክዳኖች ግራና ቀኝ እንዳይለዋወጡ ከመፈታታቸው በፊት ምልክት ተደረገባቸው፤ ክዳኖቹ ከቤቱ ጋር አንድ ላይ የተሞረዱ ስለሆኑ ቢቀያየሩ ኩሽኔታው በትክክል አይቀመጥም። ኩሽኔታዎቹ ሁሉና ፓራኦሊዮው (የዘይት ማገጃው) በአዲስ እንዲተኩ ተወስኗል።

መግጠምና የጥርሶቹ አሻራ

አዲሱ ኮሮና በቤቱ ላይ በጣም ተጣብቆ የሚገባ ስለሆነ በመዶሻ አልተመታም። ከ70 እስከ 80 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እንዲቆይ ከተደረገ በኋላ ሰፍቶ በእጅ ገባ፤ ቡሎኖቹም በተቃራኒ አቅጣጫ እየተፈራረቁ በቶርክ መፍቻ ጠበቁ። በእሳት ማሞቅ የጥርሱን ጥንካሬ ሊያበላሽ ስለሚችል ፈጽሞ የሚመከር አይደለም።

የፒኞኑ ኩሽኔታዎች ቅድመ ጥብቀት (ጭነት ሳይመጣ አስቀድሞ የሚሰጣቸው ጥበት) በመካከላቸው ባለው ቀለበት ውፍረት ይስተካከላል። በፍላንጁ ላይ በተጠመጠመ ገመድና በሞላ ሚዛን፣ ፒኞኑ ሳይቆራረጥ ሲዞር የሚያስፈልገው ጉልበት ተነበበ፤ መመሪያው በሚፈቅደው ክልል ውስጥ እስኪገባም ቀለበቱ ተለዋወጠ። ጥብቀቱ ካነሰ ፒኞኑ በጭነት ወደ ኋላ ይገፋል፤ ከበዛ ደግሞ ኩሽኔታው ይግላል።

ከዚያ የሚቀጥለው የጥርስ ክፍተት ነው። ፒኞኑ ተይዞ ኮሮናው ብቻ ወዲያና ወዲህ ሲነቃነቅ የሚገኘው እንቅስቃሴ በዳያል ጌጅ (ባለ መርፌ መለኪያ) ተለካ፤ ለዚህ አክስል የሚፈቀደው ከ0.20 እስከ 0.46 ሚሊሜትር ነው። በኮሮናው ዙሪያ አራት ቦታ ላይ ተለክቶ 0.30 አካባቢ እንዲሆን የጎን ማስተካከያ ቀለበቶቹ ተዟዟሩ። አንዱ ቀለበት ሲላላ ሌላው በዚያው ልክ መጥበቅ አለበት፤ አለዚያ የጎን ኩሽኔታዎቹ ቅድመ ጥብቀት ይጠፋል።

ከሥራው ሁሉ ዓይንንና ትዕግሥትን የሚጠይቀው የጥርሱ አሻራ ነው። በኮሮናው ጥቂት ጥርሶች ላይ ቢጫ የምልክት ቅባት በስሱ ተቀብቶ፣ ኮሮናው በእንጨት ጥቂት እየተገታ ፒኞኑ ሲዞር፣ ጥርሶቹ በሚነካኩበት ቦታ ቅባቱ ተገፍቶ ብረቱ ይታያል። መጀመሪያ የታየው አሻራ ቀጭንና ወደ ጥርሱ ጫፍ ያደላ ነበር፤ ይህም ፒኞኑ ከኮሮናው ርቆ እንደቆመ ያመለክታል። ከፒኞኑ ቤት ሥር ካሉት ስስ ሺሞች (የብረት መደቦች) 0.10 ሚሊሜትር ያህል ተቀንሶ ፒኞኑ ወደ ኮሮናው ሲጠጋ አሻራው ወደ ጥርሱ ወገብ ወረደ። ፒኞኑ በተጠጋ ቁጥር የጥርስ ክፍተቱም ስለሚጠብ ክፍተቱ እንደገና ተለክቶ ተስተካከለ። አሻራው ወደ ጥርሱ ሥር ቢወርድ ኖሮ መፍትሔው የዚህ ተቃራኒ ይሆን ነበር።

በመጨረሻ የተገኘው አሻራ በቁመት መካከል ላይ ያለ፣ በርዝመት ደግሞ ከመካከል ትንሽ ወደ ጥርሱ ውስጠኛ ጫፍ፣ ማለትም ወደ ኮሮናው መሐል ያደላ፣ ዙሪያው ሁሉ በቅባት የተከበበ ሞላላ ነው። ወደ ውስጥ ማድላቱ ሆን ተብሎ የሚፈለግ ነው፤ በእጅ ሲዞር ያለ ጭነት የታየው አሻራ እውነተኛው ጭነት ሲመጣ ወደ ውጪኛው ጫፍ እየሰፋ ስለሚሄድ፣ በባዶ ልክ መሐል ላይ የቆመ አሻራ በጭነት ጊዜ ጠርዝ ላይ ሊደርስ ይችላል። ይህን አሻራ በወረቀት አትሜ ከመዝገቡ ጋር አያይዣለሁ፤ ወደፊት ድምፅ ቢሰማ የሚነጻጸርበት ነገር ይኖራል።

ዘይትና የፍጥነት መለኪያ

የፒኞኑ መሐል ከኮሮናው መሐል ዝቅ ያለ በመሆኑ ጥርሶቹ ከመንከባለል በተጨማሪ እርስ በርስ ይንሸራተታሉ። ይህን ከፍተኛ የማንሸራተት ጫና የሚችለው ጂኤል-5 ደረጃ ያለው የማርሽ ዘይት ብቻ ስለሆነ 80ደብሊው-90 ጂኤል-5 ተሞላ፤ መጠኑም መሙያው ቀዳዳ ከንፈር ድረስ ነው።

የፍጥነት መለኪያው ጉዳይ ቸል ቢባል አደጋ አለው። በዚህ መኪና ላይ ፍጥነት የሚነበበው ከካምቢዮው መውጫ ስለሆነ መለኪያው የዲፈረንሻሉን መቀየር አያውቅም። ሳይስተካከል ቢነዳ መለኪያው 80 ሲል መኪናው በእውነት 95 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይጓዛል፤ የተመዘገበው ኪሎ ሜትርም ከእውነተኛው ያንሳል፤ በእርሱ የሚሰላው የነዳጅ ፍጆታም እንዲሁ ይሳሳታል። ቀድሞ የካምቢዮው መውጫ በአንድ ኪሎ ሜትር 1,533 ጊዜ ይዞር ነበር፤ አሁን 1,289 ጊዜ ይዞራል። ዳሳሹ በአንድ ዙር 8 ምት ስለሚልክ በመለኪያው ላይ የሚሞላው ቁጥር ከ12,264 ወደ 10,314 ተቀይሯል። ከዚያም በተለካ አንድ ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ተነድቶ ትክክል መሆኑ ታይቷል።

መንገድ ላይ

በመጀመሪያ መኪናው ባዶውን ተነዳ፤ በመካከል እየቆመም የዲፈረንሻሉ ቤት ሙቀት በእጅና በሙቀት መለኪያ ተፈተሸ። አዲስ ጥርሶች እርስ በርስ እስኪለማመዱ ድረስ ከወትሮው ይሞቃሉ፤ ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ መቶዎች ኪሎ ሜትሮች ግማሽ ጭነት ብቻ እንዲጫንና ረጅም ዳገት በሙሉ ነዳጅ እንዳይወጣ አድርጌያለሁ። የማልቀሱ ድምፅ ነዳጅ ሲሰጥም ሲለቀቅም ጠፍቷል።

በሙሉ ጭነት በሜዳ ላይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ዙር ቆጣሪው ከ1,700 ጥቂት ብቻ አልፎ ቆመ፤ ከስሌቱ ጋር የሚገጥም ነው። በለስላሳ ዳገቶች ላይ ማርሽ ሳይቀነስ ወጥቷል። ጠንከር ባለው አቀበት ላይ አንድ ማርሽ ቀድሞ መቀነስ የሚያስፈልግ ሲሆን ፍጥነቱ ላይ የታየው ለውጥ በስሌቱ ከተጠበቀው የተለየ አይደለም። ወደ ማራገፊያው በሚያስገባው 10 በመቶ አቀበት ላይ መሐል ላይ ቆሞ ሲነሣ ፍሪሲዮኑ ሳይሸት ተነሥቷል።

ሾፌሩ እንዲያውቀው ያደረግሁት ነገር ቁልቁለትን የሚመለከት ነው። በአንድ ማርሽና በአንድ ፍጥነት ሞተሩ አሁን በዝቅተኛ ዙር ስለሚዞር የመያዝ ጉልበቱ ቀንሷል፤ ሞተሩ የሚያሳድረው መግታትም ወደ ጎማው ሲደርስ የሚባዛው በ4.10 እንጂ በ4.875 አይደለም። በዚህ ምክንያት ቀድሞ በአምስተኛ ማርሽ ይወረድበት የነበረው ረጅም ቁልቁለት ከዚህ በኋላ በአራተኛ መወረድ አለበት፤ ማርሹም የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። ፍሬኑን በመርገጥ ልዩነቱን ለመሸፈን መሞከር የፍሬን ሸራውን ያግለዋል።

ፕሮፔለር ሻፍቱም ክትትል ያስፈልገዋል። በሜዳ ጉዞ ዙሩ ከ2,044 ወደ 1,719 ስለቀነሰ ንዝረቱ ረግቧል፤ ነገር ግን ያንኑ ኃይል በቀነሰ ዙር ስለሚያስተላልፍ የሚሸከመው ቶርክ ከ313 ወደ 372 ኒውተን ሜትር አድጓል። ይህ ሻፍቱ በመጀመሪያ ማርሽ ከሚሸከመው 5,600 ኒውተን ሜትር ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ቢሆንም ቀኑን ሙሉ የሚቆይ ጭነት ስለሆነ የክሮቼራዎቹ (የሻፍቱ የመስቀል መጋጠሚያዎች) የቅባት ጊዜ እንዲያጥር ተደርጓል።

ጥርሶቹ እስኪለማመዱ የተሠራበት ዘይት ፈስሶ ማግኔቱ ሲታይ ያገኘሁት ጥቁር ደቃቅ ዱቄት ብቻ ነው፤ ስንጥር የለውም። አዲስ ዘይት ተሞልቷል፤ የመሙያና የማፍሰሻ ቡሎኖቹም ጠብቀዋል። የሚቀረው የነዳጅ ፍጆታውን መለካት ነው፤ እርሱም የሚያዘው በተመሳሳይ ጭነት፣ በተመሳሳይ መንገድና በተስተካከለው የኪሎ ሜትር መለኪያ፣ ታንከሩ ሁልጊዜ እስከ አንገቱ እየተሞላ ነው። የቀድሞው ፍጆታም በተመሳሳይ መንገድ ተይዞ ስለነበረ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቻላል።